አምስት ገባብን ወይስ ሦስት አገባን?

ጳጉሜ 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር፤ ሩፋኤል። ደሴ ሲያካፋባት ዋለ። ልጆች የሩፋኤል ጠበል ነው እያሉ ልብሳቸውን አውልቀው ዝናቡ ውስጥ ይራወጣሉ። የጦሳን ተራራ ጉም ውጦታል። እኛ ፒያሳ አካባቢ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ተኮራምተን የብሔራዊ ቡድናችንን የኳስ ወሬ ከሱዳን እንጠብቃለን። ወሬው መጣ። 5 ለ 3። ተሸንፈናል።

ቤቱ ጸጥ አለ። ቆይቶ የባጃጅ ሹፌሩ፣ "ሦስት አግብተናል ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀ።

"አምስት ገብቶብናል ማለት ነው" አልኩት።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከዚያች ምልልስ አያልፍም። እስከ መልሱ ጨዋታ 36 ቀን ነበረን። 36ቱንም ቀን በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ተጨቃጨቅን። እኔ በክርክሩ ከተሸነፉት ወገን ነኝ። ስለዚህ ገለልተኛ ዳኛ ነኝ ብዬ አልዋሽም። ግን ማን ምን እንዳለ፣ የማን ነገር የት ላይ እንደተሰበረ ደህና አድርጌ አስታውሳለሁ። የተሸነፈ ሰው አይረሳም።

ማን ነበርን

ጨዋታው እ.ኤ.አ. ለ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻው ማጣሪያ ነው። ደርሶ መልስ። ያለፈ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳል፣ የወደቀ ቤቱ ይቀራል። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1982 ሊቢያ ላይ ነበር። ሻይ ቤቱ ውስጥ ካለነው አብዛኞቻችን ያኔ አልተወለድንም። ውድድሩን እ.ኤ.አ. በ1957 ከመሠረቱት አገሮች አንዷ እኛ፣ አንዷ ራሷ ሱዳን መሆናችንን፣ በ1962 ደግሞ ዋንጫውን አዲስ አበባ ላይ ማንሳታችንን የሰማነው ከጋሼ አፍ ነው።

ጋሼ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው ጥግ ላይ ይቀመጣሉ። ብዙ አይናገሩም፤ ሲናገሩ ግን ሰው ማንኪያውን እንኳ አያቅጨለጭልም። ባጃጅ ሹፌሩ የቼልሲ ደጋፊ ነው። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ የአርሰናል። ቤቱ የእትዬ ነው። እትዬ ኳስ አይወዱም፤ ክርክር ግን ይወዳሉ፤ ሻይ ይሸጣላ! እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። በዚያን ጊዜ ደሴ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። የሒሳብ ሠራተኛ መሆኔን ያዙልኝ፣ ኋላ ያሳፍረኛል።

ስሜቱንም ልጨምር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከተቀበሩ ገና ሳምንት አልሞላም። አገሩ ሐዘን ላይ ነው። ሰው የሚደሰትበት ነገር ፈልጎ ነበርና ሽንፈቱ ከኳስ በላይ ከበደን።

ካርቶኑ

በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩ የብስኩት ካርቶን ቀዶ መጣ። ነጩን ጎን ገልብጦ በእስክሪብቶ ይጽፍበት ጀመር።

ደንቡን ሁላችንም ከአውሮፓ ኳስ እናውቀዋለን። የሁለቱ ጨዋታ ድምር እኩል ከሆነ ከሜዳው ውጭ ብዙ ያገባው ያልፋል። የእኛ ቡድን ራሱ እዚህ የደረሰው በዚሁ ደንብ ነበር። ቤኒንን አዲስ አበባ ላይ 0 ለ 0፣ እዚያ ሄዶ 1 ለ 1 ወጥቶ ነው ያለፈው።

ካርቶኑ ላይ የሰፈረው እንዲህ ይላል። 1 ለ 0 ብናሸንፍ ድምሩ 4 ለ 5 ነው፤ ወደቅን። 2 ለ 0 ብናሸንፍ 5 ለ 5፤ ከሜዳ ውጭ እኛ 3፣ እነሱ ባዶ፤ አለፍን። 3 ለ 1 ከሆነ 6 ለ 6፤ እኛ 3፣ እነሱ 1፤ አለፍን። 4 ለ 2 ከሆነ 7 ለ 7፤ እኛ 3፣ እነሱ 2፤ አለፍን። 5 ለ 3 ከሆነ ሁሉም እኩል፤ በግብ አንለይም።

ካርቶኑ ከእትዬ መደርደሪያ በላይ በሚስማር ተሰቀለ። የገባ ሁሉ ቀና ብሎ ያነበዋል። እኔ አነበብኩና "ሒሳቡ ልክ ነው፣ ተስፋው ነው ልክ ያልሆነው" አልኩ። የእኔ ነገር ይኼ ነበር፦ አምስት ያስገባ ተከላካይ በአንድ ወር አይታደስም። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ የደረሰ ቡድን ነው። አዲስ አበባ መጥቶ አንዲት ያገባል። አንዲት ካገባ እኛ ሦስት ማግባት አለብን። ቤኒን ላይ በሜዳችን አንድ እንኳ ማግባት ያቃተን እኛ!

"አታሟርት!" አለኝ የባጃጅ ሹፌሩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። በኳስ ክርክር ውስጥ እንደዚህች ቃል ክርክር የሚገድል የለም። አሉታዊ ነገር ከተናገርክ የምትናገረው ነገር ልክ ይሁን ስህተት የሚጠይቅህ የለም። ጥያቄው ማን ነህ ይሆናል። ኢትዮጵያዊ አይደለህም ወይ? አንድ ቀን ደግሞ አንዱ ከወዲያ ጥግ፣ "ተወው፣ ኮምቦልቻ ነው፣ ሙቀቱ ነው" አለ። ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግን ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት ዝም አልኩ። ዝም ስል ደግሞ ሐሳቤ በውስጤ እየጠነከረ ሄደ። ቢከራከሩኝ ኖሮ ምናልባት ቀድሜ እለሳለስ ነበር።

የቁልቁለቱ ክርክር

የባጃጅ ሹፌሩ ዋና መሣሪያ ከፍታ ነበር። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደህ 1,850 ሜትር ገደማ። አዲስ አበባ 2,300 ያልፋል። ካርቱም 400 ሜትር እንኳ አይሞላም።

"አንተ ራስህ" አለኝ፣ "ከኮምቦልቻ መጥተህ ሆጤ ሜዳ ላይ ስትጫወት በ20 ደቂቃህ ምላስህ አይወጣም?"

ይወጣል። ይኼን መካድ አልችልም። ወጣት ሳለን ከታች መጥተን ደሴ ላይ ስንጫወት ሁለተኛው አጋማሽ ላይ እግራችን እርሳስ ይሆናል። የደሴ ልጆች ያውቁታል፤ መጀመሪያ ላይ ዝም ብለው ያስሮጡናል። የእኔ የ600 ሜትር ልዩነት እንዲህ ካደረገኝ 2,000 ሜትር ወደ ላይ የሚወጣው ሱዳናዊ ምን ሊሆን ነው?

ጥሩ ክርክር ነው። ማንም ሰው በሳንባው ያውቀዋል። ግን አንድ ቀዳዳ ነበረው፤ እሱንም ያየችው ማን መሰላችሁ? የእትዬ ልጅ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ። ብርጭቆ እያነሳች፣ "ቤኒን ከየት ነው የመጣችው? ከባህር ዳርቻ አይደል እንዴ?" አለች።

ቤቱ ዝም። ቤኒን ከባህር ዳርቻ መጥታ፣ እዚያው አዲስ አበባ ላይ፣ 90 ደቂቃ ቆማ 0 ለ 0 ወጥታለች። ከፍታው ያኔ የት ነበር? የባጃጅ ሹፌሩ ወደ ውጭ አየና "ደንበኛ መጣልኝ" ብሎ ወጣ። የመጣ ደንበኛ አልነበረም።

ፀጉር አስተካካዩ ከዳኝ

እስከ መስቀል ድረስ ፀጉር አስተካካዩ የእኔ ወገን ነበር። ምክንያቱ ደግሞ ቁስሉ ነው። በዚያው በ2004 ዓ.ም. የካቲት አርሰናል ሚላን ሄዳ 4 ለ 0 ተደበደበች። በመልሱ በሜዳዋ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ ሦስት አገባች። ሰው ሁሉ አበደ። ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ የተላጨ ደንበኛ ወንበር ላይ ጥሎ መሮጡን ዛሬም ድረስ እንቀልድበታለን። በሁለተኛው አጋማሽ አንድ አልተጨመረም። 4 ለ 3 በድምር ወደቀች።

"በሜዳ ማግባት ይቻላል፣ መጨረስ ነው የሚያቅተው" ይላል። እኔም እውነት ነው እላለሁ።

የባጃጅ ሹፌሩ በዚያው ሰሞን የሆነውን የቼልሲን ያመጣል። ናፖሊ ላይ 3 ለ 1 ተሸንፋ፣ በመካከል አሠልጣኟን አባርራ፣ በሜዳዋ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 1 አሸንፋ፣ ጭራሽ ዋንጫውን ወሰደች። "ሰው ሁሉ አልቋል ብሎ ነበር" ይላል። እንዲህ ስንባባል ሳምንት አለፈ። አንተ አንድ ምሳሌ፣ እኔ አንድ ምሳሌ። ምሳሌ በምሳሌ አይሸነፍም።

ከመስቀል ማግስት ግን ፀጉር አስተካካዩ ካርቶኑ ሥር ቆሞ ብዙ አሰበና ዞሮ፣ "አንተ፣ የእኛ ነገር እንደ አርሰናል አይደለም" አለኝ።

"እንዴት?"

"አርሰናል ሚላን ላይ አላገባችም። እዚያ አንዲት ብታገባና 4 ለ 1 ብትሸነፍ ኖሮ ያቺ 3 ለ 0 ታሳልፋት ነበር።"

ቆጠርኩ። 4 ለ 4፣ ከሜዳ ውጭ 1 ለ 0። ልክ ነው።

"ሌላም አለ" አለ። "ሚላን በመልሱ አንዲት ቢያገባ አርሰናል ስንት ማግባት ነበረባት?"

5 ብታገባ 5 ለ 5 ይሆናል፤ ከሜዳው ውጭ ያገባው ሚላን ስለሚሆን ሚላን ያልፋል። ስለዚህ 6። አንዲት ግብ ብትገባባት ሕይወቷ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ስታጠቃ ከኋላዋ እየፈራች ነበር።

"እኛስ? ሱዳን አንዲት ቢያገባ ሁለት የነበረው ሦስት ይሆናል። ሁለት ቢያገባ አራት። በአንዲት አንዲት ብቻ ነው የሚጨምርብን። እነዚያ ሦስት ግቦች ናቸው ይኼን የሚያደርጉት።"

ይኼን ሲል እኔ የሒሳብ ሠራተኛው ካርቶኑን ለሦስት ሳምንት ሳነብ የኖርኩት፣ አንድ በአንድ አንብቤ ደምሬ አንዴም ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ እንዳልጠየቅሁ ገባኝ። እኔ "አንዲት ቢያገባ አለቀልን" እያልኩ የምከራከረው የአርሰናልን ፍርሃት ነበር። የእኛ ሁኔታ ሌላ ነው። አምስቱን ቆጥሬ ሦስቱን እንደ መጽናኛ ነበር የያዝኳቸው። ሦስቱ ግን መጽናኛ አይደሉም፣ ቁጠባ ናቸው።

አምኜ ነበር ማለት ነው? አዎ። ተናገርኩ? አልተናገርኩም። አንዴ ውርርድ ይዣለሁ። ከወደቅን የባጃጅ ሹፌሩ፣ ካለፍን እኔ፣ በዕለቱ ቤቱ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ሻይ እንከፍላለን። ሰው ገንዘቡን ያስያዘበትን ሐሳብ አይለቅም።

ጋሼ ይኼን ሁሉ ሲሰሙ ከርመው አንድ ቀን ብቻ ገቡበት። "ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?" ብዬ ጠየቅኋቸው፣ እንዲያግዙኝ ብዬ ነው።

"ልጄ፣ ሁለት ግብ ይዞ የሚመጣ ቡድን ሐሳቡም ሁለት ነው" አሉ። "ልጠብቀው ወይስ ልጨምርበት? ሦስት ይዞ ቢመጣ ተቀምጦ ይጠብቃል። አንድ ይዞ ቢመጣ ይፈራል፣ ወጥቶ ይጫወታል። ሁለት ክፉ ቁጥር ናት። እኛ ግን ሐሳባችን አንድ ነው፤ ማግባት።"

ከተባለው ሁሉ ዛሬም የምቀበለው ይኼን ነው። ከፍታን ሳይነኩ፣ ቼልሲን ሳይጠሩ።

ጥቅምት 4

እሑድ። እትዬ ከእህታቸው ቤት ቴሌቪዥን አስመጡ። አንቴናውን አንዱ ልጅ ጣሪያ ላይ ሆኖ ይዞታል። ቤቱ ከሞላ ቆይቷል፤ ሰው በር ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚያየው። አዲስ አበባ ያለ ዘመዱ የደወለለት አንዱ፣ ስታዲየሙ ከጠዋት ጀምሮ እንደታጨቀ ይነግረናል።

የመጀመሪያው አጋማሽ ባዶ ለባዶ አለቀ። የባጃጅ ሹፌሩ ፊቱ አመድ መስሏል። እኔ ሻይዬን አማሰልኩ። አንድ ነገር ልናዘዝ፦ ለአፍታ ደስ ብሎኝ ነበር። ልክ ነበርኩ፣ ተናግሬ ነበር፣ የሚል ደስታ። ቀጥሎ አፈርኩ። ለሻይ ዋጋ ብሎ አገሩ እንድትወድቅ የሚመኝ ሰው ምን ይባላል? እትዬ ፊቴን አይተው "አንተ ልጅ አሞሃል?" አሉኝ።

በሁለተኛው አጋማሽ አዳነ ግርማ አገባ። ጣሪያ ላይ ያለው ልጅ አንቴናውን ለቆ ዘለለ፤ ሥዕሉ ጠፋ። ቤቱ ሁሉ "ያዘው! ያዘው!" ብሎ ጮኸበት። ከዚያ ሳላዲን ሰኢድ ሁለተኛውን ጨመረ። ያኔ ሥዕሉ ይኑር አይኑር ማን አየ? ሰው በሰው ላይ ነው።

ጋሼ ብቻ አልተነሱም። "ገና ነው" አሉ። ገና ነበር። ከሁለተኛው ግብ በፊት ያለ ሒሳብ ሁሉ ተገልብጧል። አሁን ሱዳን አንዲት ካገባ 2 ለ 1 ይሆናል፤ በድምር 5 ለ 6 እንወድቃለን። ከመስቀል ወዲህ የእነሱ ግብ አያስፈራም ስንል ከርመን፣ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ከእነሱ ግብ በቀር የሚያስፈራ አልነበረም። ኳሷ ወደ እኛ በረኛ በቀረበች ቁጥር የባጃጅ ሹፌሩ ክንዴን ይይዘኛል። ጥፍሩ ሁለት ቀን በክንዴ ላይ ቆየ።

2 ለ 0 አለቀ። 5 ለ 5። ሰውነት ቢሻው ያሠለጠነው ቡድን ከ31 ዓመት በኋላ አለፈ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ደሴ የኖረ ያውቀዋል። ባጃጆች በጡሩምባ ፒያሳን ሞሏት። የማላውቀው ሰው ሳመኝ። እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ ቀርቼ ሻይ እቆጥራለሁ። ውርርዱ "ቤቱ ውስጥ ላለ ሰው" ነው የሚለው። የባጃጅ ሹፌሩ በር ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን "ግቡ፣ ሻይ አለ፣ የኮምቦልቻ ልጅ ይከፍላል!" ይላል። 41 ሻይ ከፈልኩ። እትዬ አንዷን ብቻ ማሩኝ።

ከዓመት በኋላ

የባጃጅ ሹፌሩ "ከፍታው ነው" ማለቱን አልተወም። በዚህ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ውጤቱ የእሱን ምክንያት አላረጋገጠለትም፤ የእኔንም ግምት ውሸት ነበር አላለም። ከአሥር ሁለት ጊዜ ይሆናል ብዬ የገመትኩት ነገር አንድ ጊዜ ቢሆን ግምቴ ፈረሰ ማለት አይደለም። የፈረሰው ምክንያቴ ነው። እሱን የሰበረው ደግሞ ፀጉር አስተካካዩ እንጂ ሳላዲን አይደለም።

ከሜዳ ውጭ ብዙ ያገባ ያልፋል የሚለውን ደንብ በተመለከተ፣ አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2021/22 ጀምሮ ሰርዞታል። በዚያ ቀን ባይኖር ኖሮ በ5 ለ 5 አንለይም ነበር፤ ጋሼም እስኪመሽ "ገና ነው" ይሉ ነበር።

ቡድኑ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ከዛምቢያ 1 ለ 1 ወጣ፣ ከዚያ በቡርኪና ፋሶና በናይጄሪያ ተሸንፎ ተመለሰ። ቀጥሎ ለዓለም ዋንጫ የመጨረሻው ማጣሪያ ደረሰ። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ያ ድል ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው፣ አዲስ አበባ ላይ ከናይጄሪያ ጋር። በኃይሉ አሰፋ ቀድሞ አገባ፤ ኢማኑኤል ኢመኒኬ ሁለት መለሰ፣ ሁለተኛውን መጨረሻ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት። 2 ለ 1።

ያኔ ሰው ሁሉ "በአንድ ብቻ ነው፣ ያኔ በሁለት ተሸንፈን አልፈን የለ?" አለ። የባጃጅ ሹፌሩም እንዲሁ። ፀጉር አስተካካዩ አዲስ ካርቶን ቀደደ። ጻፈ። 1 ለ 0 ብናሸንፍ 2 ለ 2፤ ከሜዳ ውጭ እነሱ 2፣ እኛ 1፤ ወደቅን። 2 ለ 1 ብናሸንፍ ተጨማሪ ሰዓት። ለማለፍ 2 ለ 0፣ ወይም 3 ለ 2። ይኼ ሁሉ በእነሱ ሜዳ፣ ካላባር ላይ። የአንድ ግብ ልዩነት ከሁለቱ ከበደ። የዚያኔ ቁጠባ አሁን በእነሱ ኪስ ነው።

ካርቶኑን ተራ በተራ አነበብን። ማንም "አታሟርት" አላለም። ፀጉር አስተካካዩ ሚስማሩን አየና ካርቶኑን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ኅዳር 7 ቀን ናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸነፈች። ያን ዕለት እትዬ ቤት ውርርድ የያዘ አልነበረም። ሁሉም የየራሱን ሻይ ከፍሎ ወጣ።